ከሠራዊት አገልግሎት የወጡ የናፍጣ ጭነት መኪናዎች ጥገና ከፍሬን ሊጀምር ይገባል

በርካታ አገሮች ሠራዊታቸው በአዲስ የሚተካቸውን የጭነት መኪናዎች ወደ ቁርጥራጭ ብረትነት ከመለወጣቸው በፊት ለሲቪል መሥሪያ ቤቶች ያስተላልፋሉ፣ አለያም በጨረታ ይሸጣሉ። በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ ካላቸው አገሮች አሜሪካ አንዷ ስትሆን፣ በዚህ መንገድ ከተላለፉት መኪናዎች መካከል ኤም 35 ኤ 2 በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ባለ ሁለት ተኩል ቶን የናፍጣ መኪና በቀዳሚነት ይጠቀሳል። መኪናው በአነስተኛ ዋጋ፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ክፍያ የሚገኝ መሆኑ በጀታቸው ውስን የሆኑ መሥሪያ ቤቶችን ይስባል። ይሁን እንጂ ከሠራዊቱ የሚወጣው ተሽከርካሪው ብቻ ነው፤ ለዓመታት ደህንነቱን ጠብቆ ያቆየው የፍተሻና የጥገና ሥርዓት አብሮ አይተላለፍም። ተረካቢው መሥሪያ ቤት ይህንኑ ሥርዓት በራሱ አቅም መልሶ ሳያቋቁም መኪናውን ወደ ሥራ ቢያስገባ በሠራተኞቹም ሆነ በመንገድ ተጠቃሚው ሕዝብ ላይ ለሚደርሰው አደጋ ተጠያቂ ይሆናል።

የኤም 35 ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በሪዮ ኩባንያ መመረት የጀመሩት እ.ኤ.አ በ1950 ነበር። ቆይቶ የመጣው ኤም 35 ኤ 2 ባለ 6 ሲሊንደርና 7.8 ሊትር ያህል መጠን ያለው፣ ከአንድ በላይ የነዳጅ ዓይነት እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ሞተር ተገጥሞለታል። ሞተሩ ከናፍጣ ሌላ በኬሮሲንና በጄት ነዳጅ፣ በችግር ጊዜም ከናፍጣ ጋር በተደባለቀ ቤንዚን ሊሠራ ይችላል። መኪናው ሦስት አክስሎችና አሥር ጎማዎች ያሉት ሲሆን፣ ባዶውን ወደ 6 ቶን ይመዝናል። "ሁለት ተኩል ቶን" የሚለው መጠሪያ ከመንገድ ውጪ እንዲሸከም የተፈቀደለትን 2 ሺህ 270 ኪሎ ግራም የሚያመለክት ነው። በጥርጊያ መንገድ ላይ ግን የዚህን እጥፍ ያህል ለመጫን ይፈቀድለታል።

በአሜሪካ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት በኩል በሚካሄደው የፌዴራል ትርፍ ንብረት ፕሮግራም አማካይነት ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ለክፍለ ግዛት የደን መሥሪያ ቤቶች በውሰት ተሰጥተው፣ ከዚያም በገጠር ለሚገኙ የበጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ቡድኖች ተላልፈዋል። ተቀባዮቹም የጭነት ሳጥኑን አንስተው የውሃ ታንከርና ፓምፕ በመግጠም ለሰደድ እሳት መከላከያ ያውሏቸዋል። አሠራሩ ለእነዚህ ማኅበረሰቦች ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የታየው እ.ኤ.አ በ2014 ነው። በዚያን ዓመት ከሞተር ጭስ ልቀት ደንብ ጋር በተያያዘ ምክንያት የመኪናዎቹ ዝውውር እንዲቆም ተደርጎ፣ ከገጠር እሳት አደጋ ተከላካዮች ቅሬታ ከቀረበ በኋላ ሳምንታት ሳይቆይ እንዲቀጥል ተወስኗል።

በሠራዊቱ ውስጥ የዚህ መኪና ጥገና ለአሽከርካሪው ወይም ለመካኒኩ መልካም ፈቃድ የተተወ አልነበረም። ለመኪናው የተዘጋጁት የቴክኒክ መመሪያዎች ቲኤም 9-2320-361 በሚል መለያ የሚታወቁ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ 10 የሚል ቁጥር ያለው ለአሽከርካሪው፣ 20 የሚል ቁጥር ያለው ለክፍሉ ጋራዥ፣ 34 የሚል ቁጥር ያለው ደግሞ ከዚያ ከፍ ላለ ጥገና የተጻፈ ነው። አሽከርካሪው ከመነሳቱ በፊት፣ በጉዞ ላይ እያለና ከተመለሰ በኋላ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች በዝርዝር ተቀምጠዋል። የተገኘው ጉድለት 2404 የሚል ቁጥር በነበረው ቅጽ ላይ ይመዘገባል፤ ኃላፊውም አይቶ ይፈርማል። መመሪያዎቹ ለሕዝብ ክፍት በመሆናቸው ማንኛውም ተረካቢ ሊያገኛቸው ይችላል። መኪናውን ከመረከብ አስቀድሞ መመሪያዎቹን ማግኘት፣ ከዚያም አሽከርካሪውንና መካኒኩን በእነርሱ ማሠልጠን የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባዋል።

በዚህ አጋጣሚ በርክክብ ወቅት ብዙ ኃላፊዎችን የሚያሳስት አንድ ነጥብ ማንሳት ተገቢ ነው። በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ላይ የሚታየው አነስተኛ ቁጥር እንደ መልካም ዜና ይቆጠራል። ወታደራዊ መኪና ግን ብዙውን ዕድሜውን በግቢ ውስጥ ቆሞ ሊያሳልፍ ይችላል። ጎማው፣ የፍሬን ቱቦው፣ በፓምፖቹ ውስጥ ያለው ጎሚኒና የዘይት መከላከያው የሚያረጁት በተጓዙት ርቀት ብቻ ሳይሆን ባስቆጠሩት ዘመንም ጭምር ነው። ስለሆነም ሃያ ዓመት ቆሞ ጥቂት የተጓዘ መኪና በየዕለቱ ሲሠራና ሲጠገን ከኖረው ይልቅ አስጊ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዓይነቱ መኪና ጥገና ሲነሳ ውይይቱ ወዲያውኑ ወደ ሞተሩ ሲያዘነብል ይስተዋላል። ሞተር ያልተነሳለት መኪና ግን ቆሞ ይቀራል እንጂ ሰው አይጎዳም። ከሁሉም በፊት ሊታይ የሚገባው ፍሬኑ ነው።

የኤም 35 ኤ 2 ፍሬን በአየር ኃይል የሚታገዝ የዘይት ፍሬን ነው። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፤ ሞተሩ ላይ ያለው ኮምፕሬሰር በታንከር ያጠራቀመው አየር ደግሞ ኤርፓክ በሚባለው መሣሪያ በኩል ግፊቱን ያጠናክራል። የተጠናከረው ዘይት ወደ ስድስቱም የፍሬን ታምቡሮች ሄዶ ሸራውን ይለጥጣል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ዋና ጉዳይ ዘይቱ የሚጓዘው በአንድ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች የፍሬን ዘይታቸው ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው መኪናውን ያቆማል። በኤም 35 ኤ 2 ግን ከቱቦዎቹ አንዱ ቢፈነዳ ወይም በአንድ ጎማ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ጎሚኒ ቢያልፍ የስድስቱም ጎማዎች ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። አየሩ ቢያልቅና ዘይቱ ቢኖር ፔዳሉ እጅግ ይከብዳል እንጂ ጥቂት የማቆም ኃይል ይቀራል፤ ዘይቱ ካለቀ ግን ታንከሩ በአየር የተሞላ ቢሆንም ምንም አይፈይድም። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን ኃይል ወደ አክስሎቹ በሚያከፋፍለው ሳጥን ላይ የተገጠመ፣ የቆመን መኪና ለመያዝ የተሠራ በመሆኑ ቁልቁለት ላይ የሚንደረደርን ብዙ ቶን ክብደት ያቆማል ተብሎ ሊታመንበት አይችልም።

በመሆኑም አዲስ የተረከቡት መኪና ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ስድስቱም ታምቡሮች ሊከፈቱ ይገባል። ሥራው ቀላል አይደለም። በዚህ መኪና ላይ ታምቡሩ የሚወጣው ከጎማው መሸከሚያ ጋር በመሆኑ ለእያንዳንዱ ጎማ ኩሽኔታውን መፍታት፣ ከባድ ክሪክና ማስደገፊያ ማዘጋጀት፣ የዘይትና የግራሶ መከላከያዎችን መቀየር ይጠይቃል። መካኒኮች ይህን ሥራ "ሌላ ጊዜ" እያሉ የሚያሳልፉትም በክብደቱ ምክንያት ነው። ነገር ግን አንዴ ከተከፈተ ኩሽኔታውን አጥቦ በአዲስ ግራሶ መሙላት፣ ሸራው ዘይት የነካው ወይም ያለቀ መሆኑን ማየት፣ የየጎማውን ፓምፕ በአዲስ መተካት በአንድ ሥራ ይጠናቀቃል። የጎማ ቱቦዎቹ ከውጭ ሲታዩ ደህና ቢመስሉም ሁሉም መለወጥ አለባቸው። የብረት ቱቦዎቹ ደግሞ በሻሲው ላይ በታሰሩበት ቦታ ዝገት ይበላቸዋልና ማሰሪያው ተፈትቶ ሊታዩ ይገባል።

የፍሬን ዘይቱ ዓይነትም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ሠራዊት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተለመደው ግላይኮል ዘይት ወደ ሲሊኮን ዘይት ተሸጋግሯል። ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም። መኪናው ከሠራዊት ከወጣ በኋላ ማን ምን እንደጨመረበት ስለማይታወቅ በቀለሙ ብቻ መተማመን አይቻልም። ከዋናው ፓምፕ ማጠራቀሚያ ጥቂት ዘይት ቀድቶ በብርጭቆ ከውሃ ጋር መበጥበጥ ፈጣን መለያ ነው፤ ግላይኮሉ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፣ ሲሊኮኑ ግን ተለይቶ ይቀራል። ግላይኮል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ከጊዜ በኋላ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ ሲሊኮኑ እርጥበት ባይስብም የገባበትን ውሃ በዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም በየጎማው ፓምፕ ውስጥ፣ ለይቶ ስለሚያስቀምጠው በዚያ ዝገት ይፈጠራል። ስለዚህ የትኛውም ዘይት ቢመረጥ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ መስመሩ ታጥቦ፣ የተመረጠው ዓይነት በማጠራቀሚያው ክዳን አጠገብ በጉልህ ቢጻፍ መልካም ነው። ማጠራቀሚያው በአሽከርካሪው እግር ሥር፣ በወለሉ ላይ ባለች ክዳን በኩል የሚገኝ በመሆኑ ከእይታ የተሰወረ ነው። ይህም ፍተሻው እንዲዘነጋ አንዱ ምክንያት ሆኗል።

ዘይቱ እየቀነሰ መሬት ላይ ወይም በጎማው ላይ ጠብታ የማይታይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኤርፓኩ ሊያመራ ይገባል። በውስጡ ያለው መከላከያ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ አየር ክፍሉ ስለሚገባ ከውጭ ምንም ምልክት አይሰጥም። "ትንሽ ጨምርበትና ሂድ" የሚለው ልማድ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። የሚጨመረው መጠን በየቀኑ ቢመዘገብ ኖሮ ችግሩ ከመባባሱ በፊት ይታወቅ ነበር።

ከአየሩ ወገን በየዕለቱ የሚሠራው ቀላል ነው። ሥራ ሲጠናቀቅ የአየር ታንከሮቹ መክፈቻ ተከፍቶ የተጠራቀመው ውሃ መውጣት አለበት። በጠዋት መኪናው የሚነሳው የአየር መለኪያው የሥራ ግፊቱን ካሳየና የማስጠንቀቂያው ድምፅ ካቆመ በኋላ ነው። አንዳንድ ባለንብረቶችና ጋራዦች ዋናውን ፓምፕ ባለሁለት መስመር በሆነ ፓምፕ ይተካሉ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው፤ ሆኖም የፍሬን ሥርዓትን ንድፍ መለወጥ በመሆኑ ብቃት ባለው ባለሙያ ተሠርቶና ተፈትኖ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ በስተቀር በመንግሥት ንብረት ላይ ሊፈቀድ አይገባም።

ከፍሬን ቀጥሎ ሰው የሚጎዳው ጎማ ሲፈታና ሲነፋ ነው። የዚህ መኪና ቸርኬ በቀለበት የሚቆለፍ፣ ከአንድ በላይ ክፍል ያለው ነው። ቀለበቱ በዝገት ወይም በስህተት በቦታው በትክክል ካልተቀመጠ ጎማው ሲነፋ ተፈናጥሮ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ1980 ያወጣው ደንብ እንዲህ ያሉ ጎማዎች በብረት ቀፎ ውስጥ እንዲነፉ፣ የአየር መስጫው በራሱ የሚይዝ ሆኖ ሠራተኛው ራቅ ብሎ እንዲቆም፣ ከመፈታቱ በፊትም የቫልቩ ውስጠኛ ክፍል ወጥቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ እንዲለቅ ያዛል። የብረት ቀፎ የሌለው መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ ቀፎና የሠለጠነ ሰው ላለው ጋራዥ መስጠት ይኖርበታል። ሌላው ትኩረት የሚሻው ደግሞ የጎማ ዳዶዎቹ ጉዳይ ነው። በመኪናው ግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚጠብቁት ወደ ግራ በመዞር ነው፤ ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ሊፈታ ሲል እያጠበቀ ቡሎኑን ይሰብራል። ጥንድ በሆኑት የኋላ ጎማዎች ላይ የውስጠኛው ዳዶ በትክክል መጥበቁን ለማረጋገጥ በቅድሚያ የውጪውን ማላላት ያስፈልጋል።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ፣ ሞተሩ በአያያዝ ረገድ ብዙ አያስቸግርም። ነዳጁ ከታንከሩ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገፍቶ በአንድ የመጀመሪያና በሁለት የመጨረሻ ፊልትሮዎች ያልፋል። ለረጅም ጊዜ ከቆመ መኪና ላይ አሮጌው ናፍጣ ወጥቶ፣ ታንከሩ ታጥቦ፣ ሦስቱም ፊልትሮዎች ሳይቀየሩ ሞተሩን ማስነሳት ዝቃጩን ወደ ናፍጣ ፓምፑ መላክ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ በውድ የሚጠገነው ነው። ብዙ ዓይነት ነዳጅ ይቀበላል መባሉም ያገኙትን ሁሉ ለመጨመር ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከናፍጣ ጋር እየቀላቀሉ የሚጠቀሙ አሉ። ወጪው ይቀንስ ይሆናል፤ በደንብ ያልተጣራ ዘይት ግን ፊልትሮውን እየደፈነ ፓምፑን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ ለመንገድ መኪናዎች የሚሸጠው ናፍጣ የሰልፈር መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ወደ 15 ክፍል ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ሰልፈሩን ለማውጣት የሚደረገው ማጣራት የነዳጁን የማለስለስ ባሕርይ ስለሚቀንሰው የነዳጅ ደረጃው በማለስለሻ ተጨማሪ እንዲስተካከል ይደነግጋል። በአሮጌው ፓምፕ ላይ ግን የነዳጅ ለውጡ ያረጁ ጎሚኒዎች እንዲያፈሱ ሊያደርግ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፓምፑ ዙሪያ የሚታይ እርጥበት በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። የፈሰሰ ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ከገባ ዘይቱ ይቀጥናል፤ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ደረጃው ከፍ ብሎ መታየቱ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቁልቁለት ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ በደቂቃ ከ2 ሺህ 600 ዙር እንዳያልፍ አሽከርካሪው አስቀድሞ ዝቅተኛ ማርሽ ሊያስገባ ይገባል፤ መኪናው በክብደቱ ሞተሩን ከገደቡ በላይ ካሽከረከረው የነዳጅ ገደቡ ሊያድነው አይችልም።

ኤሌክትሪኩ በ24 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ያቀርቡታል። ለሬዲዮ ወይም ለማስጠንቀቂያ መብራት ሲባል ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ ባትሪ ሲደክም ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላና ሁለቱም ባጭሩ ይቀራሉ። ቮልት መቀነሻ መሣሪያ መግጠም ከባትሪ ግዢ ይረክሳል። መኪናው የመነሻ ቁልፍ የለውም። የኤሌክትሪክ ማብሪያውን መዝጋትም ሞተሩን አያጠፋም፤ ሞተሩ የሚጠፋው ነዳጁን የሚዘጋው እጀታ ሲሳብ ነው። አዲስ አሽከርካሪ ከምንም አስቀድሞ ይህን እጀታ ማወቅ አለበት።

የጭነት ጉዳይ ከጥገና ጋር የማይገናኝ ሊመስል ይችላል። የገጠር እሳት አደጋ ቡድኖች ተሞክሮ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 2 ሺህ 270 ሊትር ውሃ ብቻውን ከመንገድ ውጪ የተፈቀደውን ጭነት ይሞላዋል፤ የታንከሩ ብረት፣ ፓምፑ፣ ቱቦውና ሠራተኞቹ ገና አልተቆጠሩም። በሳጥኑ ላይ ቦታ ስላለ ብቻ 4 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር የተጫነበት መኪና በሜዳ ላይ ሲሄድ ከአቅሙ በላይ እየተሸከመ ነው። ታንከሩ ውስጡ በመከፋፈያ ካልተከፈለ ውሃው በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ወገን እየተገፋ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። ከመጠን ያለፈው ክብደት የሚያርፈው ደግሞ ቀደም ሲል በተገለጸው ባለ አንድ መስመር ፍሬን ላይ ነው። የተሟላው መኪና ታንከሩ ተሞልቶ በሚዛን ላይ ሳይወጣ ለሥራ ሊፈቀድ አይገባም።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ ማምረቱ ከቆመ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ወታደራዊ ትርፍ ዕቃ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ብዙውን ማግኘት ይቻላል። እያንዳንዱ ዕቃ ባለ 13 አኃዝ የክምችት ቁጥር ስላለው ግዢው በዚሁ ቁጥር ቢፈጸም ስህተትን ይቀንሳል። የግዢና የንብረት ክፍል ሠራተኞች ግን አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። ማሸጊያው ያልተከፈተ ዕቃ "አዲስ" ተብሎ ይሸጣል፤ ለብረት ዕቃ ይህ ትክክል ነው። የፍሬን ጎሚኒ፣ ቱቦና ጎማ ግን በማሸጊያ ውስጥም ያረጃል። በወታደራዊ ማሸጊያ ላይ የታሸገበት ቀን የሚታተም በመሆኑ ዕቃው ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ቀኑ ይነበብ፤ የጎማ ነክ ዕቃ ቀን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የሚል ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ለሻጩ መመለስ ይኖርበታል።